ሽማግሌና እንቁራሪት

በእንጅባራ አንድ ጎልማሳ የልጅ ነገር ቢያምረው ይሉኝታ የማይዘው ቀን ጥር 23 ነው። የዚያን ዕለት የልጅ ልጅ ያየ አባወራ ፈረሱን በቀይና በቢጫ ክር አስጊጦ፣ ከልጓሙ ላይ ዘርፍ አንዠርግጎ፣ በአቧራው መሀል ሽው ይላል። ጓደኛው ከኋላ ዘንግ ይወረውርበታል፤ እሱ ይመክታል፤ ሴቱ እልል ይላል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚያከብረው ይህ በዓል ዓድዋ የዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚታሰቡበት፣ ዕለቱም የቅዱስ ጊዮርጊስ ስለሆነ፣ "ጨዋታ ነው" ብሎ አፉን የሚያላቅቅ የለም። እኔም አልልም፤ ጎረቤቶቼ ፈረስም ዱላም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ግን ከዳር ቆሜ የሰውየውን ፊት ሳየው፣ ሸምበቆ በእግሮቹ መሀል አድርጎ አጥር ለአጥር ከሚጋልበው የሰፈራችን ሕፃን ፊት የሚለይበት ነገር አይታየኝም። አዋቂ ሰው ሲጫወት ምክንያት ይፈልጋል፤ ፈረሱ ምክንያት ይሆነዋል።

እኔ ፈረስ የለኝም። የሒሳብ መምህር ነኝ። ያለኝ ሀብት ፊቴ ነው። እግዜር ሲፈጥረኝ ግንባሬን ቋጥሮ ሳይፈታው ረስቶት ሄዷል። ደስ ሲለኝም ያው፣ ሲከፋኝም ያው። ክፍል ስገባ "ዝም በሉ" ብዬ አላውቅም። ቤተሰቡም ይህን ስለሚያውቅ፣ ብድር የሚክድ ሰው ሲገጥም፣ ድንበር የሚገፋ ጎረቤት ሲነሣ፣ የሚዋሰኝ ገንዘቤንም ምክሬንም ሳይሆን ፊቴን ነው።

ዳንግላ ያለችው ታናሽ እህቴ የደወለችልኝም ለዚሁ ነው። ከዓመታት በፊት ነው፤ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ሰው ሳያስበው ተነሥቶ ዳንግላ ደርሶ የሚመለስበት ዘመን።

"አያ፣ እሑድ ሽማግሌ ሊላክብን ነው" አለችኝ። "ልጄ አባቷ ካረፈ ወዲህ ከአንተ በቀር ማን አላት? ፊትህን ይዘህ ና።"

ሥራው የታወቀ ነው። የሴት ልጅ ወገን ሽማግሌ ሲመጣበት ደስ ያለው መምሰል የለበትም። የመጡት ሰዎች "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ይቆማሉ፤ ባለቤቱም ትንሽ ያቆማቸዋል። የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይጠይቃል፤ መልሱን ሲሰማ "እንዲህ ነው?" ብሎ ወደ ጣሪያ ያያል፤ በመጨረሻም "ዘመድ አዝማድ እናማክር፣ ሄዳችሁ ተመለሱ" ይላል። ልጁና ልጅቷ ባሕር ዳር ሲማሩ ተዋውቀው ነገሩን ራሳቸው ጨርሰውታል፤ ቀለበቱ ሳይቀር ተመርጧል። እኛ የምንጨምርበት ክብደት ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ እኔ ተፈጥሬበታለሁ።

ከእንጅባራ ዳንግላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመስኮት የሚታየው ዲከረንስ፣ አሁንም ዲከረንስ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ይህን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በእርሻው ላይ ይተክላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉ በማዳበሪያ ታጭቆ መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። አዲስ ቅዳም ላይ አንዲት ሴትዮ ድንች ይዛ ተሳፈረችና ግማሹን ጆንያ ጭኔ ላይ አሳርፋ እስከ ዳንግላ አስያዘችኝ። ከጉዞው የሚነገር ይኸው ነው።

ዳንግላ ስደርስ ቤቱ ታምሷል። የገና ጾም ስለነበር ጓዳው ሽሮና ምስር ይሸታል፤ ጠላው ይጠለላል፤ የጎረቤት ሴቶች አንዱን ሰሃን ሁለቴ ያጥባሉ። የሚጠየቅባት ልጅ የት እንደተደበቀች አልታወቀም፤ ወጉ ነው። እህቴ ጋቢዬን ከትከሻዬ ተቀብላ፣ "አያ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ወደ አመሻሹ ላይ ነው፤ እስከዚያ እነዚህን ከእግራችን ሥር አንሣልን" አለችና ከልጆች ጋር ሳሎን ዘጋችብኝ። የእሷም የጎረቤትም ልጆች ናቸው። ስንት እንደሆኑ መናገር ያቅተኛል፤ ስቆጥራቸው ይንቀሳቀሳሉ።

ትልቁ ልጅ ፍላሽ ነበረው። ከአንድ ፊልም ቤት ያስጫነው ነው፤ ውስጡ ሁሉ ነገር አለ። የህንድ አለ፣ የካራቴ አለ፣ ደግሞ ትርጉም ፊልም አለ፤ አንድ ሰውዬ ብቻውን የጀግናውንም፣ የወንበዴውንም፣ የእናትየውንም ቃል በአማርኛ የሚናገርበት። ልጆቹ ፊልም ማለት ይህ ይመስላቸዋል። የዚያን ቀን ግን ጣቱ ያረፈው አሮጌ የአሜሪካ ፊልም ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው የሙፔቶች ፊልም። ተዋናዮቹ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ናቸው። ባለታሪኩ ከርሚት የሚባል አረንጓዴ እንቁራሪት ነው።

የፈተና ወረቀት ይዤ ነበር። ጥጌን ይዤ ላርም ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ከወረቀቱ በላይ አንድ ጊዜ ቀና ስል እንቁራሪቱ ረግረግ መሀል ግንድ ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል።

"ክራር ይመታል!" አለ አንዱ።

ክራር አይደለም፤ ባንጆ ነው። ላርመው ብዬ አፌን ከመክፈቴ ትንሿ የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። "ፊልሙ ትርጉም አይደለም። አንተ አስተማሪ አይደለህ? ተርጉምልን።"

እንቁራሪቱ አንድ በጀልባ ከመጣ ሰውዬ ጋር ብዙ አወራ። "ምን አለ?" አሉኝ።

"መንገድ ልሄድ ነው አለ።"

"ይህን ሁሉ አውርቶ፣ መንገድ ልሄድ ነው ብቻ?"

ፈተና ላይ አንድ መስመር ብቻ ጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ ስንት ጊዜ በዚሁ ቃል ገሥጫለሁ። ስለዚህ ጨመርኩበት። እንቁራሪቱ ከአገሩ ሲወጣ እናቱን ተሰናበተ፣ ስንቅ ተቋጠረለት፣ ሰፈሩ አለቀሰ። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም፤ ግን ያለ ስንቅ መንገድ የሚወጣ ፍጡር ለእነሱ ማስረዳት አይቻልም። ከዚያ ብስክሌት ላይ ወጣ። እንቁራሪት ብስክሌት ሲነዳ ልጆቹ ምንም አልመሰላቸውም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ ማን ነው የሚገፋው? ክሩ የት አለ? አንገቴን አሰግጌ ሳጣራ የፈተና ወረቀቱ ከጭኔ ወርዶ መሬት ነበር።

ነገሩ የከረረው ባለ ምግብ ቤቱ ሰውዬ ሲመጣ ነው።

"ይሄ ሰውዬ ምን ፈለገ?"

"የእንቁራሪት እግር ጠብሶ የሚሸጥበት ምግብ ቤት አለው። እንቁራሪቱን፣ ማስታወቂያ ሥራልኝ እያለው ነው።"

ቤቱ ጸጥ አለ።

"የእንቁራሪት እግር ሰው ይበላዋል?"

"ፈረንጅ ይበላዋል።"

"የጾም ነው የፍስክ?"

ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ አልገጠመኝም። አንደኛው "ውኃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ እንደ ዓሣ ነው" አለ። ሌላኛው "ዓሣም እኛ ቤት በጾም አይበላም" አለ። "እናንተ ቤት ዓሣ መቼ ገብቶ ያውቃል!" ተባለ። ሊደባደቡ ሆነ። ትንሿ ግን ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳትነቅል፣ "እግሩን ከበሉት በምን ይዘላል?" አለች። ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ እንቁራሪት በኋላ ያነበብኩትን እዚህ ላይ ባስገባው ይሻላል። ሠሪው ጂም ሄንሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። የመጀመሪያውን ከርሚት እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ቆርጦ ነው፤ ዓይኖቹ ለሁለት የተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ናቸው። ያ ግንድ ላይ የሚዘፈንበት ቦታ ሲቀረጽ ሰውየው ውኃው ሥር በተቀበረ የብረት ጋን ውስጥ ተጣጥፎ፣ አየር በቱቦ እየተላከለት፣ እጁን ብቻ ወደ ላይ በጎማ እጅጌ አውጥቶ፣ የሚሠራውን በትንሽ ስክሪን እያየ ለሰዓታት ቆይቷል። ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ ይህን ሰውዬ እናቱ እንዲያ ሆኖ ብታየው ምን ትል ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ ካፖርቱንስ አስፈቅዷት ይሆን የሚል ነው።

ደግሞ አሻንጉሊት የልጅ ነገር ነው የሚለውን ያመጣነው እኛ ነን። ጃቫ ደሴት ላይ በመብራትና በመጋረጃ የሚጫወቱት የቆዳ አሻንጉሊት ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚታየው፤ የሚቀመጠውም ሽማግሌው ጭምር ነው። ጃፓኖች ቡንራኩ የሚሉት ላይ አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ይይዙታል፤ ዋናው ሰውዬ ፊቱን እንኳ አይሸፍንም፣ ሁሉም ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1703 ኦሳካ ላይ በአሻንጉሊት የታየው የቺካማትሱ ድራማ አብረው ሊሞቱ ስለወሰኑ ፍቅረኞች ነው። ለሕፃን የሚታይ አይደለም። ተመልካቹ እጁን እያየ፣ ሰውየውን እያየ፣ ለእንጨቷ ሴት ያለቅሳል።

ሳሎን ተቀምጬ ይህን ሁሉ ገና አላነበብኩም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እንቁራሪቱ ሌሊት በረሃ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት፣ የተከተሉት ጓደኞቹ በእሱ ምክንያት ተቸግረው፣ ብቻውን ፈቀቅ ብሎ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። ፊቱ ጨርቅ ነው። የሚንቀሳቀስ ቅንድብ እንኳ የለውም። ጨርቁ ከውስጥ በጣት ትንሽ ጨምደድ ሲል ግን ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ቆመ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ነገሩን ማረጋገጥ ፈለግኩ። ወደ ትንሿ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣

"ይሄ እኮ ጨርቅ ነው፤ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ዝም በል፣ እያወራ ነው።"

ልጆች ይታለላሉ የሚለው ወሬ የትልቅ ሰው ፈጠራ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የጨርቁን ነገር እነሱ ከመጀመሪያው አውቀው፣ ጨርሰው፣ አልፈውታል። እዚያው ላይ ተቸክለን የቀረን እኛ ነን፤ እንቢ የምንለውም ስለማናምን ሳይሆን፣ አምነን ስንገኝ ሰው እንዳያየን ነው። እኔ ራሴ ከብት ጠባቂ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር በጭቃ በሬ እንሠራ ነበር። እሾህ ቀንድ እንሰካለታለን፣ እንጠምደዋለን፣ ገበያ አውጥተን በጠጠር እንሸጠዋለን። አንድ ቀን ዝናብ ሳይታሰብ ወረደና የአንዱን ልጅ ቀይ በሬ አቀለጠበት። ልጁ መሬት ተንከባሎ አለቀሰ። ጭቃ መሆኑን አያውቅም ነበር? ራሱ ነው ያቦካው። ማናችንም ግን "ጭቃ እኮ ነው" አላልነውም። "በሬህ ሞተ፣ እግዜር ያጥናህ" ነው ያልነው፤ አንዱ ልጅ ደግሞ የራሱን በሬ አበደረው።

እንቁራሪቱና ባለ ምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ሊገናኙ ሲሉ መብራት ጠፋ።

የልጆቹ ዓይን በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ያጠፋሁት ይመስል። "ይመጣል" አልኩ። አልመጣም። "መጨረሻውን ንገረና" አሉኝ። አላየሁትም። "ታዲያ ስንቁንስ ፊልሙ ውስጥ ሳይኖር ነግረኸን የለ?" አለ ትልቁ፤ ለካ እንግሊዝኛው ከገመትኩት በላይ ይገባዋል። ማልቀስ የጀመረም ነበር። በዚህ መሀል ትንሿ "እንደ ፀሐይ በካልሲ ሥራልን" አለች።

ፀሐይ ያለችው ቀጭኔዋን ነው፤ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚባለው የልጆች ዝግጅት ላይ ያለችውን። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር አዲስ አበባ ላይ እቤቷ ሳሎን ውስጥ የጀመረችው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አሻንጉሊቶች በካልሲ ሠርተው፣ ድምፁንም ራሷ ሆና። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በ2008 ጃፓን ድረስ ሄዶ ተሸለመ። ከካልሲ ተነሥቶ ጃፓን የሚያደርስ መንገድ መኖሩን የማውቅ መምህር፣ ዳንግላ ላይ ለአንድ ምሽት አይሆንም ብል ነውር ነው።

ትልቁ ልጅ አረንጓዴ የእግር ኳስ ካልሲውን አመጣ፤ እስከ ክርን የሚደርሰውን። ሁለት ጥሬ በቆሎ በማስቲካ ለጥፈን ዓይን አበጀንለት። አውራ ጣቴን ወደ ታች፣ አራቱን ወደ ላይ ሳደርግ አፍ ሆነ። እንዳይወርድ ብሎ ልጁ ከክርኔ በላይ በሲባጎ አሰረው፤ አጠባበቁን ሳየው የወደፊት ሥራው ከብት ንግድ ይመስለኛል። ፊልሙ ላይ ያለው ጓደኛው ድቡ ደግሞ ያስፈልጋል፤ ቡናማ ካልሲ ያለኝ እግሬ ላይ ነው። አንዱን አውልቄ ግራ እጄ ላይ አጠለቅኩ። ሶፋውን ከግድግዳ አስጠጋን፣ እኔ ከኋላው ተንበረከክሁ፣ አንዱ የስልክ መብራት ያዘልኝ።

ጀመርን። ረግረጉ ዘንገና ሐይቅ ሆነ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ ልጆቹም በመኪና ሲያልፉ የሚያዩት። ባንጃ አያቱ ጋ ያደገው የጎረቤት ልጅ "የዘንገና ከሆነ አዊኛ ይችላል?" አለ። ቻለ። እንቁራሪቱ በአዊኛ ይጠይቃል፣ ድቡ በአማርኛ ይመልሳል፣ ያልገባው ካለ የገባው ያስረዳዋል። ባለ ምግብ ቤቱን በድምፅ ብቻ ሠራሁት፤ ለድምፁ የትምህርት ቤት ጥሪ ላይ የምጠቀምበትን ድምፅ ሰጠሁት። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተንጠላጥለው "ከኋላህ! ከኋላህ!" ይላሉ። ድምፄ ቀጥኗል፤ ላቤ ወርዷል፤ ግንባሬ፣ አላየሁትም እንጂ፣ የተፈታ ይመስለኛል።

ከውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። የልጅ ድምፅ መሰለኝ።

"ግቡ! ግቡ! በሩ ክፍት ነው!" አለ እንቁራሪቱ።

ገቡ። ነጭ ጋቢ፣ ዘንግ፣ ከፊት ሻሽ የጠመጠሙ ቄስ። ስልኩን የያዘው ልጅ በደመ ነፍስ መብራቱን ወደ ፊታቸው አዞረው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው ጨለማውን ይመረምራሉ። ከሶፋው ጀርባ ተነሣሁ። ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ እንቁራሪት ነው፤ ግራ እጄ ድብ ነው፤ አንድ እግሬ ባዶ ነው።

"እንደምን አመሻችሁ?" አሉ አንጋፋው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ፤ ቃሉ በማን ድምፅ እንደወጣ አላስታውስም። ድቡን በጥርሴ ስቤ አወለቅኩት። እንቁራሪቱ ግን በሲባጎው ምክንያት እንቢ አለ። አንጋፋው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ የትልቅ ሰው እጅ ደግሞ በግራ አይጨበጥም። እንቁራሪቱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ጎንበስ ብለው የቤተሰቡን ደኅንነት ጠየቁት፤ መሀል ላይ ለስላሳነቱ ገርሟቸው ቀና አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ሊያወጡ ጀምረው ነበር፤ አይተው ወደ ጉያቸው መለሱት።

እህቴ ሻማ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ስለ እህቴ ፊት አልናገርም።

ሥርዓቱ ግን ተጀምሯል፤ ሽማግሌ አንዴ አፉን ከከፈተ የሚያቆመው የለም። "ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል" አሉ። ቁጭ በሉ አልኩ። አንቀመጥም አሉ። እጄን ወደ ኋላ ሸሽጌ፣ ፊቴን ቋጥሬ፣ ወደ ጣሪያ አየሁ። ያን ጊዜ "ዓይኑ ወደቀ!" የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ትንሿ በቆሎውን ፍለጋ በቄሱና በአንጋፋው እግር መሀል ሾልካ ገባች። አግኝታው ስትነሣ ሽማግሌዎቹ መሀል ቆማ፣ "እንቁራሪቱ ተበላ እንዴ?" አለች።

"ማን ነው የሚበላው?" አሉ አንጋፋው።

ጥያቄው ለእኔ አልነበረም፤ ለእሷ ነው። ነገረቻቸው። ዘንገናን፣ ስንቁን፣ ብስክሌቱን፣ የእግር ጥብስ ቤቱን። ሌሎቹ ልጆች የጎደለውን ሞሉ። ባንጃ ያደገው ልጅ የአዊኛውን ክፍል በአዊኛ ነገራቸው፤ አንዱ ሽማግሌ በአዊኛ መልሰው ጠየቁት። ሲያልቅ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በኦሪቱ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ርኩስ ነው" አሉ። "አይበላም።"

"በጾምም በፍስክም?"

"በጾምም በፍስክም።"

ልጆቹ እፎይ አሉ። እኔ ያልፈታሁት ጥያቄ ተፈታ። አንጋፋው ግን አልረኩም፤ በዘንጋቸው ተደግፈው፣ "ታዲያ ሰውየው ቄስ ካልጠየቀስ? አመለጠ?" አሉ። መብራት ጠፋ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ለሁሉም የሚገባ መልስ ነው። ሰባት ቤት አልቆጠርኩም። "ዘመድ አዝማድ እናማክር፣ ሄዳችሁ ተመለሱ" ማለቱን ግን አልዘነጋሁም፤ እንቁራሪቱም ሳላስበው ከኋላዬ ወጥቶ ቃሉን በእጅ ምልክት አጅቦልኛል።

"አባባ ተስፋዬ ሁንልኝ ብዬ ነው የጠራሁህ?" አለች እህቴ እነሱ እንደወጡ።

በንዴት ያለችው ነው፤ እኔ ግን በልቤ ምን አለበት አልኩ። ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም ጀምረው ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው መድረክ ላይ ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ኮሪያ ሄደው ለዘማቹ ተጫውተዋል። በ2009 ዓ.ም ሲያርፉ አገሩ ሁሉ፣ ሽበት ያለውም ጭምር፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰላቸው። ክብራቸው ተነካ ያለ ሰው አልሰማሁም። ይህን ሁሉ ለእህቴ ለማስረዳት ሰዓቱ አልነበረም፤ መቀስ ይዛ ሲባጎውን እየቆረጠችልኝ ነበርና።

ወሬው እኔን ቀድሞ ከዳንግላ ወጣ። በማግስቱ መናኸሪያ ላይ አንድ የማላውቀው ረዳት "አያ እንቁራሪት፣ እንጅባራ ነዎት? ይግቡ!" አለኝ። ዳንግላ ግን ትልቅ ሰው የልጅ የሚመስል ሥራ ሲሠራ ያየችው በእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያው ከተማ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን፣ ከቆንስልነቱ ጎን የወፍ አጥኚ ነበር፤ በሰሜን ምዕራቡ አገር ወፍ እየሰበሰበ፣ ዓባይን በበቅሎ እየተከተለ ካርታ ያነሣ ነበር፤ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተመ። ወፍ ለሚያባርር ቆንስል የዚያን ጊዜ ሰው ምን ስም አውጥቶለት እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስሜን ለብቻዬ ባልተሸከምኩት።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ መብራት ነበር፤ ሁለቱም ካልሲዎቼ እግሬ ላይ ነበሩ። ሰባት ቤቱ ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም፣ ጥሎሹ ላይ ትንሽ ተጓተትን፣ ተመረቀ። ሲወጡ አንጋፋው ወደ ኋላ ቀሩና ክንዴን ይዘው፣ ከሌሎቹ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያኛውስ ነገር?" አሉኝ።

"ገና አላየሁትም" አልኳቸው። እውነት ነው፤ እንጅባራ ላይ ብቻዬን ልከፍተው ሞክሬ ባለቤቴ በገባች ቁጥር ዜና እያደረግኩ ትቼዋለሁ።

"ስታገኘው አትርሳኝ።"

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ዳሱ ሞልቶ፣ ሙሽሮቹ ገብተው፣ ጭፈራው ሲደራ አንጋፋው ከዳሱ ጀርባ፣ ጠላ ጋኖቹ አጠገብ ጠሩኝ። ስልኬ ላይ ጭኜው ነበር። ሁለታችን አንድ ዱካ ላይ ተቀመጥን፤ ስልኩን በጋቢያቸው ከለልነው፤ ትንሿ የት እንደነበርን ሳንነግራት አግኝታን ጭናቸው ላይ ወጣች። "ከመጀመሪያው" አሉ አዛውንቱ፤ ከመሀል የሚጀመር ነገር አይወዱም። ተረጎምኩ። ስንቁን ስጨምር ትንሿ "ይሄ የለበትም" ብላ አጋለጠችኝ፤ እሳቸው "ይኑርበት" አሉ። ድቡ መጣ፤ መኪና ተገኘ፤ ባለ ምግብ ቤቱ ሲታይ "ይሄ ነው?" ብለው ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ጠቆሙት፤ ጣታቸው ሲነካው ፊልሙ ቆመ፤ እንደገና አስነሣሁት።

ከዚያ የገጠር ባዛር ላይ ቁንጅና ተወዳድራ ያሸነፈች አሳማ፣ ዘውድ ደፍታ፣ እንቁራሪቱን ከሩቅ አየችው። ሙዚቃው ተለወጠ። ሜዳ ላይ ሲሮጡ፣ ሲተቃቀፉ፣ አበባ ውስጥ ሲገቡ ታየ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አሳማ በማየታቸው የተቆጡ መስሎኝ ልዘጋው ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ይቺ የማን ልጅ ናት?"

"እንጃ፣ ፊልሙ አይናገርም።"

"ሽማግሌ ልኮባታል?"

"አልላከም።"

ወደ ዳሱ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ፤ ቄሱ ጠላ ይዘው ከሙሽራው አባት ጋር ይጫወታሉ። ዘንጋቸውን አነሡና፣ "ልጄ፣ አባን ጥሪልኝ" አሏት ትንሿን።